በ2.51 ማስተርስ ይገኛል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። በባዮሎጂ በ2.51 ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ለማስተርስ ባመለክት የሚያየኝ አለ ወይስ ብሬን ነው የማቃጥለው ብለሻል። «ተስፋ አትቁረጪ» ብለው ያለፉ ብዙ ናቸው። እኔ በኬሚስትሪ የተመረቅኩት በ2.47 ነው። ካንቺ በታች ካለ ሰው ጋር ነው የምታወሪው ማለት ነው። አሁን ማስተርሴን ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። በተመረቅኩ በዓመቱ ጀርመን ስድስት ቦታ አመለከትኩ። አራት ኪሎ ያለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ከመመላለሴ ብዛት ልጅቷ በስሜ ፎልደር ከፍታልኝ ነበር። ስድስቱም እምቢ አሉ። ያኔ ያልገባኝ ስሌቱ ነበር። ጀርመኖች የኛን ውጤት ወደ ራሳቸው ይለውጡታል። እነሱ ጋ 1 ምርጥ ነው፣ 4 ማለፊያ። ከ4 ላይ ጂፒኤሽን ቀንሺ፣ ለ2 አካፍይ፣ በ3 አባዢ፣ 1 ደምሪበት። ለ2 የሚካፈለው ከኛ ማለፊያ ከ2.0 እስከ 4.0 ያለው ርቀት 2 ስለሆነ ነው። የኔ 3.3 ይመጣል፣ ያንቺ 3.2። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ 2.5 ወይም የተሻለ ይላሉ። ያ በኛ 3.0 ማለት ነው። ስንት ሌሊት የተጨነቅኩበትን የማመልከቻ ደብዳቤ ምናልባት የከፈተው ሰው እንኳ የለም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ከዚህ ውጤት በታች አልቀበልም ብሎ በሩ ላይ ቁጥር የጻፈውን ካልጻፈው ለዪ። አሜሪካ ብዙ ግራጁዌት ስኩሎች 3.0 ይላሉ፤ አንዳንዱ ዲፓርትመንት ግን የመጨረሻ ሁለት ዓመት ውጤትን ለብቻ ያያል። ኢሜይል ጽፈሽ ሳትጠይቂ የማመልከቻ ክፍያ እንዳትከፍዪ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ መለመኑ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ 75 ከመቶ ስለሚጠይቅ እሱን ተዪው። ጣሊያን ግን እዪ። ክልላዊ ስኮላርሺፖቹ በመጀመሪያው ዓመት በዋናነት የሚያዩት የቤተሰብ ገቢን ነው። ከዚያ በኋላ ግን በዓመቱ የተወሰነ ክሬዲት ካልጨረስሽ ገንዘቡ ይቀራል። ቪዛው ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን አልነካም።

እኔን ያወጣኝ ሥራ ነው። መድኃኒት የሚመረምር ላብ ውስጥ በትንሽ ደሞዝ ገባሁ። መጀመሪያ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ዓመት ተኩል ቆየሁ። ከዚያ እዚሁ አዲስ አበባ በራሴ ወጪ ለመማር አመለከትኩና ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። አንደኛው ትራንስክሪፕቴን አገላብጦ «ፊዚካል ኬሚስትሪ ዲ። ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «ያኔ አላጠናሁም፣ በኋላ ደግሜ ወስጄ ቢ አምጥቻለሁ» አልኩ። ዝም አለ። ሁለተኛዋ ታዲያ «ላብ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

ያጋጠመኝን ነገርኳት። ኤችፒኤልሲ በሚባለው፣ ፈሳሽ በግፊት እየገፋ መድኃኒት በሚመረምር ማሽን ላይ ፓራሲታሞል እየመረመርን ግፊቱ ይወጣል ይወርዳል። ሁሉም ኮለሙ (ናሙናው የሚለያይበት ክፍል) ተደፍኗል አለ። አዲስ ኮለም ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። እኔ ፓምፑን ፐርጅ ሳደርገው፣ ማለት ፈሳሽ በፍጥነት አሳልፌ ሳጥበው፣ በቱቦው የአየር አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ለካ ጠዋት ሜታኖሉንና ውሃውን ቀላቅዬ አየሩን በሚያስወጣው ሶኒኬተር ላይ ሳላደርገው ነው የጫንኩት። ጥፋቱ የኔው ነበር። እሷ ሳቀችና «ኮለሙ ቢሆን ኖሮ በምን ትለየው ነበር?» ብላ ቀጠለች። አሥራ አምስት ደቂቃ ስለዚህ ብቻ አወራን። ትራንስክሪፕቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ቀረ።

ጂፒኤሽ የድሮ ወሬ ነው፤ አዲስ ወሬ ካላመጣሽላቸው ግን ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ እሱን ያወራሉ። ላንቺ አዲሱ ወሬ ላብ ሊሆን ይችላል፣ ኤግዚት ኤግዛም ላይ ጥሩ አምጥተሽ ከሆነም እሱ። ለአገር ውስጥ ደግሞ ከ2016 ወዲህ ብሔራዊ የሆነው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ ጋት የምንለው። ደህና ውጤት ካመጣሽበት ከዲግሪሽ ወዲህ የተገኘ ማስረጃ ነው። የሥራ ልምድ ዳአድ ኤፖስ ለሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕም ይጠቅማል። እነሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፣ ዲግሪሽም ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይሆነው ይፈልጋሉ። ውጤትም ያያሉ፣ አልዋሽሽም።

ስለ ማመልከቻ ደብዳቤው። እኔ ለምን ውጤቴ እንደወረደ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ዶርሙን፣ ናፍቆቱን፣ የአባቴን ሕመም። ጓደኛዬ ማኪያቶውን እየጠጣ አነበበና «ይሄ ለዩኒቨርሲቲ ነው ለፍርድ ቤት?» አለኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አደረግኩት፦ «በመጀመሪያ ዓመት ውጤቴ ዝቅተኛ ነበር። በመጨረሻው ዓመት የዋና ኮርሶቼ አማካይ 3.1 ነው።» ቀሪው ስለ ሥራዬ ሆነ።

ሪኮመንዴሽን ላይ መምህርሽ «ራስሽ ጻፊውና ልፈርም» ማለቱ አይቀርም። የእውነት አንቺን የሚያውቅ ሰው እንዲጽፈው ለምኚ። እምቢ ካለ ቢያንስ አብረሽው የሠራሽውን ሥራ በነጥብ ጽፈሽ ስጪው። የተቋም ኢሜይል እንዳለውም ጠይቂ፣ ብዙ ፖርታል በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ላይ ያቅማማል።

ሌላው ኮስት ሼሪንግ፣ የመንግሥት የትምህርት ወጪ መጋራት እዳ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የተማርሽው፣ ቴምፖ (ጊዜያዊውን ዲግሪ) ብቻ ይዘሽ ከሆነ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት እዳው መጣራት አለበት። ስኮላርሺፕ ከመጣ በኋላ እሮጣለሁ ብለሽ አትተዪው። አንድ የባቼ ልጅ አድሚሽን በእጁ ይዞ ክሊራንስ ሲያሯሩጠው ቀኑ አለፈበት።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶችሽን ለብቻ ደምሪና ስንት እንደመጣ ጻፊልኝ። ምን መማር እንደምትፈልጊም አልነገርሽንም። ማይክሮ ነው፣ ኢኮሎጂ ነው፣ ምንድን ነው?