ስለ ልብስ ክፍሉ፦ መስኮቷን እንዳታስደፍኚ

እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በምታሠሩት ቤት ከመኝታ ክፍላችሁ ጀርባ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን 2 ሜትር በ2.40 የሆነች ቦታ እንደተረፈችሽና የልብስ ክፍል ልታደርጊያት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። በሩ በአንዱ አጭር ግድግዳ፣ ትንሿ መስኮት ደግሞ ትይዩው ባለው፣ ወደ ምዕራብ በሚያየው ግድግዳ ላይ ናት። እንጨት ሠሪው «ሦስቱንም ግድግዳ እስከ ኮርኒስ በቁም ሳጥን እንሙላው፣ መስኮቷን በብሎኬት እንድፈናት» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ እሱን ልስማ ወይስ ዎክ ኢን ክሎዜት የሚባለውን፣ ሰው ገብቶ የሚቆምበትን የልብስ ክፍል ትቼ ተራ ቁም ሳጥን ላሠራ ብለሽ ተጨንቀሻል።

ክፍሏ ትበቃሻለች፣ ሐሳብሽን አትተዪው። መስኮቷን ግን አደራ እንዳታስነኪ። ሦስተኛውን ግድግዳም ባዶውን ተዪው። ለምን እንደምል ላስረዳሽ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ቤተሰባችን ድሬ ውስጥ የሚተዳደረው በእንጨት ሥራ ነው። የእኔ ድርሻ ደንበኛ ቤት ሄዶ ሜትሮ ዘርግቶ መለካት፣ ከባለቤቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ፍላጎታቸውን መስማት ነው። ዕቃው ከገባም በኋላ ማጠፊያ ሲላላ፣ መሳቢያ ሲነክስ የሚጠሩት እኔን ስለሆነ፣ ሰው ከኖረበት በኋላ ክፍሉ ምን እንደሚመስል አያለሁ።

በስልክ የምናያቸው የሚያማምሩ የልብስ ክፍሎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለቀዝቃዛ አገር ወይም ቀኑን ሙሉ ኤሲ ለሚሠራበት ቤት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሄደሽ ሐረር ስትደርሺ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ ማታ ጋቢ ያስፈልግሻል። እዚህ ግን ምዕራቡ ግድግዳ ከቀትር በኋላ የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ነው የሚተፋው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ከሆነ ደግሞ ከላይም ይጨምርበታል። መስኮት የሌላት፣ በሯ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ ክፍል እዚያ መሀል ስትቀመጥ ልብሱ ምን እንደሚሆን አስቢው።

ከዚራ ሰፈር አንድ ቤት ያየሁትን ልንገርሽ። ክፍሉ ውብ ነው፣ ነጭ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ)፣ ከላይ እስከ ታች የተሞላ፣ መስኮት የለውም። የቤቱ እመቤት ለሠርግ ብቻ የምትይዛቸውን ሁለት የእጅ ቦርሳዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸዋለች። አንዱን ለማውጣት ስትስበው ሌላውም አብሮ መጣ። ተጣብቀዋል። ስታላቅቃቸው የጥቁሩ ሽፋን ተልጦ በቀዩ ላይ ቀረ፣ ከሥሩ ጨርቁ ታየ። ሰው ሠራሽ ቆዳ ሙቀት ሲያገኘው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የጫማ ማስቲሽም እንዲሁ ይለቃል። አንድ ቀን ብቻ ተለብሶ የተሰቀለ ሸሚዝም ላቡ ሳይወጣለት ሽታው እዚያው ይታፈንና ለሌላው ልብስ ይተርፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አየር ነው። ያንቺ ክፍል በዚህ የታደለች ናት፤ በሩና መስኮቷ ፊት ለፊት ስለሆኑ አየሩ ቀጥ ብሎ ያልፋል። በሩ ከታች ክፍተት ይኑረው፣ ወይም የታችኛው ክፍል አየር በሚያሳልፍ በተደረደረ ጠባብ እንጨት ይሠራ። የከዚራ የጥንት ቤቶች፣ ባቡሩ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ድሬ ከደረሰ በኋላ የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ የመስኮት መዝጊያቸው ስንጥቅ ስንጥቅ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ኤሲ በሌለበት ዘመን ሙቀቱን የቻሉት በዚያ ነው። መስኮቷ ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት አስመቺ፣ መስታወቱ ውስጡን የማያሳይ ይሁን፣ ከውጭ በኩል ከላይ ጥላ ቢወጣላት ደግሞ የማታ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም። ፀሐይ ቀለም ይበላልና ቀጭን መጋረጃም ጨምሪበት።

አሁን ወደ ልኩ ልምጣ። እንጨት ሠሪው እንዳለው ግራና ቀኙን በ60 ሳንቲም ብትሞይው መሀል የሚቀርሽ 80 ሳንቲም ነው። መቆም ትችያለሽ፤ መሳቢያ ስበሽ ጎንበስ ማለት ግን ይከብድሻል። የፊቱ ግድግዳ ሲጨመር ደግሞ ሁለቱ ማዕዘኖች እጅ የማይደርስባቸው የጨለማ ጉድጓድ ይሆናሉ። ሰው እዚያ የከተተውን ይረሳዋል። ለእንጨቱ ግን ከፍለሻል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከልጆቹ ክፍል ጋር በሚጋራው ረጅም ግድግዳ ላይ 60 ሳንቲም ጥልቀት ያለው የመስቀያ ቦታ። ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚጋራው ላይ ደግሞ 35 ሳንቲም ብቻ ጥልቀት ያለው መደርደሪያ። ከ2 ሜትሩ ላይ 95 ሳንቲም ሄደ፣ 1.05 ሜትር መተላለፊያ ቀረልሽ። ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ብትገቡ እንኳ ትተላለፋላችሁ። የምዕራቡ ግድግዳ ከመስኮቷ በቀር ባዶ ይሁን፤ ከሥሯ ለጫማ ማድረጊያ አንዲት አጭር በርጩማ ይበቃል።

መስቀያው ለምን 60 መሰለሽ? ማንጠልጠያው ራሱ 45 ሳንቲም ያህል ነው፣ ኮት ሲሰቀል ትከሻና እጅጌው ከዚያ ያልፋል። 50 አድርገው የሠሩትን አይቻለሁ፤ ኮቱ ሁልጊዜ በጎን ተጣሞ ነው የሚውለው። መደርደሪያ ግን ጥልቅ መሆን የለበትም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የአደሬ፣ ማለት የሐረሪዎች ቤት ገብተሽ ካየሽ፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎች ጥልቀታቸው ጥቂት ነው፣ የተቀመጠው ሁሉ ግን ከደጅ ገብተሽ ሳትቀመጪ ይታይሻል። ለታጠፈ ልብስ 35 ሳንቲም ልክ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከኋላ ሁለተኛ ረድፍ ይፈጠራል፣ እሱን ማንም አያወጣውም።

የመስቀያውን ግድግዳ 2.40 ሦስት ቦታ 80፣ 80 አድርገሽ ክፈያት። አንዱ ለረጅም ልብስ፦ ከመስቀያው ቧንቧ እስከ ታች 1.60 ሜትር ባዶ ይሁን፣ የአበሻ ቀሚስሽና ድሪያሽ ሳይታጠፍ ይወርዳል። ሁለቱ ላይና ታች ባለ ሁለት ቧንቧ ይሁኑ፤ የታችኛው ከወለሉ 1 ሜትር፣ የላይኛው 2 ሜትር ላይ። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ጉርድ፣ ኮት ሁሉ እዚያ ይገባል። ቁመትሽ አጠር ካለ የላይኛውን ዝቅ አድርገሽ 1.90 አስመቺው፣ ወይም ለባለቤትሽ ተዪለት። ቧንቧው ከኋላ ግድግዳው 30 ሳንቲም ያህል ይራቅ። ከ80 ሳንቲም በላይ መደርደሪያ ሳትደግፊ አታስኪጂ፤ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር የሆነ ችፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ጋቢና ብርድ ልብስ ሲጫንበት መሀሉ ይጎብጣል። አንዴ ከጎበጠ ደግሞ አይመለስም።

ግን ይሄን ልክ ለሠሪው ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ያላችሁን ልብስ በሙሉ አውጥተሽ አልጋ ላይ ክመሪው። የሚሰቀለውን ለብቻ፣ የሚታጠፈውን ለብቻ፣ ጫማውን ለብቻ። የሚሰቀለውን ጎን ለጎን አስጠግተሽ በሜትሮ ለኪው። ብዙ ቤት እንዳየሁት ድሬ ውስጥ የሚታጠፈው ይበልጣል፦ ሽርጥ፣ ቲሸርት፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ የቤት ቀሚስ፣ አንሶላ። ሱፍ ለብሶ የሚውል ሰው ጥቂት ነው። በስልክ ያየውን ክፍል እንዳለ የገለበጠ ሰው ግን ግማሹን ለኮት ያደርገውና ሽርጡና አንሶላው ማረፊያ ያጣል። ያንቺ ልብስ እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ከሁለቱ ባለ ሁለት ቧንቧ አንዱን ሰርዘሽ መሳቢያና መደርደሪያ አድርጊው።

በእጅ የተሸመነ፣ ጥበቡ ከባድ የሆነ ቀሚስ ለረጅም ጊዜ አይሰቀል። ክብደቱ ትከሻውን ይስበዋል፣ ሽመናው ይለጠጣል። በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ሰፊ መሳቢያ ውስጥ ብዙ ሳታጣጥፊ አስተኚው፤ አልፎ አልፎም የታጠፈበትን ቦታ ቀይሪለት። ላውንደሪ የሚሰጥሽን ፕላስቲክ እንደለበሰ አታስገቢ፤ አየር ያፍናል። ልብስ የሚበላው ብል የሚወደው ሱፍና ሐር ነው፤ ጥጡን የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ላብና ቅባት ሲኖርበት ነው። ስለዚህ ሳይታጠብ የሚቀመጥ ነገር አይኑር። ለብል ተብሎ የሚደረገው ናፍታሊን በእኛ ሙቀት ቶሎ ተንኖ ያልቃል፣ ጢሱም ለጤና ጥሩ አይደለም። በተለይ የሕፃን ልብስ ባለበት ፈጽሞ አታድርጊ፣ የአንዳንድ ጨቅላ ሕፃናትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስበት ጊዜ አለ።

ስለ ጢስ ካነሳሁ፣ ልብስሽን ዑንሲ በሚባለው ዕጣን የምታጥኚ ከሆነ እባክሽ ማጨሻውን ይዘሽ ወደ ክፍሉ አትግቢ። ጥጥ፣ ሐር፣ ኤምዲኤፍ ባለበት ጠባብ ቦታ ፍም ማስገባት የሚያስፈራ ነገር ነው። ከበሩ ውጭ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጠንካራ ማንጠልጠያ አስተክይ፣ እዚያ አጥነሽ ጢሱ ሲበርድ አስገቢ። ይቺ ማንጠልጠያ ለነገ የሚለበሰውን ለመስቀልም ትሆንሻለች።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ያለው ግድግዳ ያሳስበኛል። ገና ስላልተለሰነ አሁኑኑ አንድ ቀላል ነገር አድርጊ፦ የውኃ ቧንቧውና የመብራት ሽቦው ሳይሸፈን፣ ሜትሮውን ግድግዳው ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ። መደርደሪያ የሚያስር ሰው ሲበሳ ቧንቧ ቢመታ ልስኑም ሴራሚኩም ሊፈርስ ነው። ሻወሩ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ከሆነ ደግሞ የእንጨት ሥራው ከመግባቱ በፊት ውኃውን ለቃችሁ በደንብ ሞክሩት። መደርደሪያው ከግድግዳው 3 ወይም 4 ሳንቲም ይራቅ፤ መተላለፊያሽ ያን ያህል ቢጠብም አይጎዳሽም። ከመታጠቢያ ቤቱ በቀጥታ ወደ ልብስ ክፍሉ የሚያስገባ በር አታስከፍቺ፣ እንፋሎቱ ሁሉ ልብስሽ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከታች በኩል ሁሉም ነገር በ10 ሳንቲም እግር ላይ ይቁም፤ እግሩ ብረት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። መጥረጊያ ከሥሩ ይገባል፣ ወለል ሲታጠብ ውኃ አይነካውም፣ ምስጥም ከመጣ መንገዱ ይታይሻል። ኤምዲኤፍ ውኃ ከነካው አብጦ ይቀራል። በጀት ካለሽ መሳቢያውንና የታችኛውን ክፍል በኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ በተጣበቀ ጣውላ) አሠሪው፣ ብሎን አጥብቆ ይይዛል። ካልሆነ ችፑዱ ጥሩ ሆኖ ጠርዞቹ ሁሉ በላስቲክ ይታሸጉ፤ የማይታየውም ጠርዝ ጭምር። ሠሪዎች የኋላውን ሳያሽጉ ያልፋሉ፣ አንቺ ቆመሽ አረጋግጪ።

መስቀያውና መደርደሪያው በር ይኑራቸው ወይስ ክፍት ይሁኑ ለሚለው፣ አቧራችንን ታውቂዋለሽ። በየቀኑ የሚለበሰው ክፍት ይሁን፣ ስለሚነካ አቧራ አያርፍበትም። የበዓሉና የክቱ በር ባለው ወይም በመሳቢያ ውስጥ ይሁን። ሁሉንም በመስታወት በር መዝጋት ለዓይን ያምራል፤ ግን ዋጋውን ያንረዋል፣ አየሩንም ያግዳል።

መብራቱ ኤልኢዲ ሆኖ 4,000 ኬልቪን የሚል የብርሃን ቀለም መለኪያ የተጻፈበት ይሁን። ቢጫ ብርሃን ውስጥ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ አይለዩም። አምፖሉ ከመስቀያው በላይ በስተፊት፣ ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ከበሩ ውጭ። ቀን መብራት ሲጠፋ መስኮቷ ትበቃሻለች። የክፍሉ በር ወደ መኝታ ቤቱ ይከፈት ወይም የሚንሸራተት ይሁን፣ ወደ ውስጥ ከተከፈተ መደርደሪያውን ይጋርዳል። ሙሉ ቁመትሽን ለማየት የቁመትሽን እኩሌታ የሚያህል መስታወት በትክክለኛው ከፍታ ላይ ከተሰቀለ በቂ ነው። ስለዚህ ትልቅ መስታወት ግዢ ቢሉሽ አትቸኩዪ፤ 1.20 ሜትር ቁመት ያለው ባዶው ግድግዳ ላይ ከመስኮቷ ጎን ይሰቀልልሽ። ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ያርፋል።

ገንዘቡ አንዴ ካልሞላ ደግሞ ሁሉንም ዛሬ ማሠራት የለብሽም። አቦ፣ ሰው ለምን እንደሚቸኩል አይገባኝም። መጀመሪያ ቋሚዎቹን፣ ቧንቧዎቹንና መደርደሪያዎቹን አሠሪ። መሳቢያ ከነሐዲዱ ከሁሉም ይወደዳልና በኋላ ይጨመራል፤ ሠሪው ግን ልኩን አሁን ይተውለት። የመደርደሪያው መያዣ ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች በየ5 ሳንቲሙ ይበሱ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ወይም ልብሱ ሲለወጥ ከፍ ዝቅ ታደርጊዋለሽ።

ሥራው ሲያልቅ ልብስ ለማስገባት አትቸኩዪ። አዲስ ኤምዲኤፍና ችፑድ ከማጣበቂያው ፎርማልዴሃይድ ይለቃል፤ ሙቀት ሲጨምር የሚለቀውም ይጨምራል፤ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። በሩንና መስኮቷን ከፍተሽ፣ መሳቢያዎቹን ስበሽ፣ ማታ ማታ ቬንትሌተር አዙረሽበት ሰንብቺ። ጠዋት ስትገቢ አፍንጫሽን የሚወጋሽ ሽታ ከሌለ ያኔ አንሶላና ፎጣውን አስቀድሚ፣ የክት ልብስሽን በመጨረሻ።