የጥንት የከተማ መመሪያዎችና የኪስ አድራሻ ማውጫዎች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ የከተማ መመሪያዎችና የነጋዴ አድራሻ ማውጫዎች የምታውቁትን ሳይሆን የማታውቁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የትኛው ነው?

ለማን የተዘጋጀውን ማለትህ ነው? ለተሳላሚ ከሆነ፣ የሮምን ድንቅ ሥራዎች የሚዘረዝር የላቲን ጽሑፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ይዞር ነበር። ለነጋዴ ከሆነ፣ ፍሎረንሳዊው ፔጎሎቲ በ1340 ገደማ የየከተማውን ሚዛን፣ ስፍር፣ ገንዘብና ቀረጥ አጠናቅሯል። ሰው በስሙ ተፈልጎ የሚገኝበትን የታተመ ማውጫ ከፈለግህ ደግሞ የለንደን ነጋዴዎች ስም ዝርዝር በ1677 ወጥቷል። እዚያ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ መጨረሻው ነው፤ የሰው ገንዘብ ተቀብለው የሚያስቀምጡ ወርቅ አንጥረኞች ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። የለንደን የባንክ ሥራ ከእነሱ ሱቅ ነው የወጣው።

ጥያቄ፦ የቤት ቁጥር ሳይኖር አድራሻ ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር?

«ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ የአንበሳው ምልክት ያለበት ሱቅ» እየተባለ። ሱቆች በራቸው ላይ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ይሰቅሉ ስለነበር ማንበብ የማይችልም አይቸገርም ነበር። የሚቸገረው እንግዳው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ራሱን የማያውቀው።

ታሪኩ የሚጥመው ፓሪስ ላይ ነው። ክሬንፌልት የሚባል የማውጫ አዘጋጅ ቁጥር የሌለው ቤት ለመጽሐፉ እንደማይመች ሲያይ፣ በ1779 ቤቶቹ ላይ ቁጥር ማስጻፍ ጀመረ። ከተማዋ ለመጽሐፉ ተመቻቸች ማለት ነው! አቆጣጠሩ በመንገዱ በአንድ ወገን ሄዶ በሌላው ወገን የሚመለስ ስለነበር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቤት ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። መንገዱ ቢረዝም ግን ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል። ጎዶሎ ቁጥር በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥር በሌላው የሚለው ሥርዓት በፓሪስ የጸናው በ1805 ነው። የድሮ የፓሪስ ማውጫ ይዛችሁ ቤት ስትፈልጉ ይህን ዓመት አትርሱ፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ቁጥር ዛሬ ሌላ በር ላይ ያደርሳችኋል።

ጥያቄ፦ ማን ነበር የሚያዘጋጃቸው? መንግሥት?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሥራቸው ከሰው ጋር በየቀኑ የሚያገናኛቸው ግለሰቦች ናቸው። የማንችስተርን የመጀመሪያ ማውጫ በ1772 ያወጣችው ኤሊዛቤት ራፋልድ በምግብ አሠራር መጽሐፏ የታወቀች ባለሱቅ ናት፤ ለቤት ሠራተኞችም ሥራ ታገናኝ ነበር። ማን የት እንደሚኖር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? በዓመቱ የኤዲንብራን ማውጫ ያሳተመው ፒተር ዊልያምሰን ደግሞ በልጅነቱ ታፍኖ አሜሪካ የተሸጠ፣ ኋላ ተመልሶ በከተማዋ ውስጥ በአንድ ፔኒ ደብዳቤ የሚያደርስ አገልግሎት ያቋቋመ ሰው ነው። ደብዳቤ የሚያድል ሰው አድራሻ ቢሰበስብ አይገርምም፤ በለንደንም በ1800 የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪዎች የራሳቸውን ማውጫ ጀምረዋል። እነዚህን ሰዎች በጣም አከብራቸዋለሁ። ከበር በር እየዞሩ የተጻፈ መጽሐፍ ነው የተውልን።

ጥያቄ፦ ለምን በኪስ መጠን?

መንገድ ላይ ቆሞ የሚነበብ ስለሆነ ነው። በጃፓን ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶክዮ፣ በ1824 የወጣው የገበያ መመሪያ ከ2,000 በላይ ሱቆች የያዘ ሆኖ እንኳ አግድም የተጠረዘ ትንሽ መጽሐፍ ነበር።

ጥያቄ፦ የጎብኚ መመሪያና የአድራሻ ማውጫ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ማውጫው ያለውን ይዘረዝራል፤ መመሪያው ይመርጥልሃል። የለንደኑ አሳታሚ ጆን መሪ በ1836፣ ጀርመናዊው አሳታሚ ካርል ቤዴከር በ1839 ባወጧቸው መመሪያዎች መንገደኛው አስጎብኚ ሳይቀጥር በራሱ እንዲዞር አስቻሉት። ቤዴከር ሊታለፍ የማይገባውን በኮከብ ምልክት ይለይ ነበር። ስለ ጥንቃቄው የሚተረክ አለ፤ የሚላኖን ካቴድራል ሲወጣ በየ20 ደረጃው አንድ የአተር ፍሬ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ያዛውር ነበር። ሲወርድም በተቃራኒው እያዛወረ ቆጠራውን ያረጋግጣል። ለአንድ ቁጥር!

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ በከተማው እንደኖረ እርግጠኛ ነኝ፤ ማውጫው ላይ ግን የለም። ውሸት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ማውጫው ነጋዴውን፣ ባለሙያውንና ባለቤቱን እንጂ ሁሉን ሰው አይመዘግብም። ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አገልጋይ፣ ባል ያላት ሴት፣ እነዚህ ባብዛኛው አይገኙበትም። ደግሞ መረጃው ተሰብስቦ፣ ተለቅሞ፣ ታትሞ እስኪወጣ ወራት ስለሚያልፍ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት የኖረበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓመቶች ሳታይ «አልነበረም» አትበል። የሞተ ሰው ስም ሳይሰረዝ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ የርእስ ገጹ የተቀደደ ማውጫ ገዛሁ። ዘመኑን እንዴት ልወቅ?

ከስሞቹ አትጀምሪ። መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ሠንጠረዦች እይው፤ የሠረገላ ታሪፍ፣ ፖስታ የሚወጣበት ቀን፣ የገንዘብ ምንዛሪ። የባቡር ሰዓት ካለው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ቀጥለሽ ድልድዮችንና አዳዲስ መንገዶችን ፈልጊ፤ የተሠሩበት ዓመት ስለሚታወቅ «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ይነግሩሻል። ማስታወቂያዎቹንም አንብቢ። ብዙ ጠራዦች ማስታወቂያውን እንደ ቆሻሻ ቆርጠው ስለሚጥሉት፣ ያንቺ ላይ ካለ ዕድለኛ ነሽ። የታጠፈ ካርታ ካገኘሽ ደግሞ በኃይል አትዘርጊው፤ የሚቀደደው እጥፋቱ መስቀለኛ በሚገናኝበት ላይ ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንድ እጥፍ ብቻ ከፍተሽ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ ቀጣዩን።