ጠይቁኝ፦ ተማሪው በሁለት ቢሮ መሀል እንዳይቀር

ሰላም ለሁላችሁ። ልዩ ፍላጎት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው። ዲፓርትመንቶች ተባብረው ግቢውን ለሁሉም ተማሪ እንዴት ይመቹት በሚለው ላይ የላካችሁትን ጥያቄ ሰብስቤያለሁ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። የየትኛውንም ዩኒቨርሲቲ ስም ጠርቼ አልወቅስም። ነገሩ የሁሉም ቤት ነው።

ፍሬሽማን እያለን «ኢንክሉሲቭነስ» (አካታችነት) የሚባል ኮርስ ወስደናል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?

ኮርሱ ጥሩ ነው። የወሰደው ግን ተማሪው ነው። ዶርም የሚቆጣጠረው ፕሮክተር አልወሰደውም፣ የሬጅስትራር ሠራተኛዋም አልወሰደችውም፤ አብዛኛው መምህርም እንደዚያው። ሌላው ዲፓርትመንት ደግሞ «ይሄ የልዩ ፍላጎት ሰዎች ሥራ ነው» ብሎ ዘወር ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆን ብሎ ተማሪ የሚገፋ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ አለመሻገሩ ነው። ሬጅስትራር ያውቃል፣ ዲፓርትመንቱ አያውቅም። ዲፓርትመንቱ እስኪሰማ ሚድ (የአጋማሽ ፈተናው) አልፏል።

ዓይነ ስውር ነኝ፣ ኢኮኖሚክስ ደርሶኛል። «ሒሳቡን አትወጣውም፣ ቀይር» እያሉኝ ነው።

አትቀይር። መጀመሪያ ሒሳቡ በደንብ ይነበብልህ። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ፈተና አንባቢው «ኤክስ ሲደመር ሁለት ሲካፈል ለሦስት» ይልሃል። ለሦስት የተካፈለው ሁለቱ ብቻ ነው ወይስ ድምሩ? ኤክስ 4 ቢሆን፣ በአንዱ አነባበብ መልሱ 2 ነው፣ በሌላው 4 ከ2/3። ዓይናማው ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር አይቶ ይለያል። አንተ አንባቢው አፍ ላይ ነው ያለኸው። ተሳስተህ ስትሰጥ «ሒሳብ አይችልም» ተባልክ ማለት ነው።

ይህን ልዩ ፍላጎት ዲፓርትመንት ለብቻው አይፈታውም፤ እኛ ኢኮኖሚክስ አናውቅም። ኢኮኖሚክስና ሒሳብ መምህራን ከእኛ ጋር ለግማሽ ቀን ተቀምጠው አነባበቡን ቢስማሙበት ግን ያልቃል። «ቅንፍ ክፈት፣ ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ በሙሉ ሲካፈል ለሦስት» ይባል። ግራፉም እንደዚሁ። ካርቶን ላይ ክር በሙጫ ለጥፈህ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሩን በጣትህ ተከተለው። የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ዶቃ። ወጪው የሻይ ዋጋ ነው።

አንባቢው የትምህርቱን ቃላት የሚያውቅ ይሁን፤ የክፍልህ ልጅ ግን አይሁን። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ጥሩ ነው። ክፍሉም ለብቻ ይሁን። ኮሪደር ላይ ሁለት ወንበር አውጥቶ፣ አላፊ አግዳሚው እየጮኸ ማስፈተን ፈተና አይባልም።

ሌላው ሃንዳውት ነው። መምህሩ መጽሐፉን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ተራ ስክሪን ሪደር (ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ፎቶውን እንደ ባዶ ገጽ ነው የሚያልፈው። በዎርድ የተተየበውን ላክልኝ በለው። ከሌለው የአይቲ ልጆች ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ይቀይሩታል፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው እንጂ።

ተጨማሪ የፈተና ሰዓትስ? ለሌላው ተማሪ አድልዎ አይሆንም?

ፈተናው የሚለካው ትምህርቱን ከሆነ አይሆንም። የሚሰማ ጥያቄ ከሚታየው ይረዝማል፣ ተደጋግሞም ይነበባል። ደግሞ የመምህሩ ቸርነት አይደለም። ተጨማሪ ሰዓትም ሆነ የመማሪያ ክፍል ማዛወር ከ2001 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ጀምሮ የተጻፈ ነገር ነው።

መስማት የተሳነው ተማሪ ክፍሌ አለ። አስተርጓሚ እስኪመጣ ምን ላድርግ? (አንድ መምህር)

አስተርጓሚውን መጠየቅዎን አይተዉ፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። እስከዚያው ወደ ሰሌዳው ዞረው አያውሩ። ኖቱን ቀድመው ይስጡት። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት።

ከጅግጅጋ ነው የመጣሁት። መምህራችን በእንግሊዝኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል። ቀልዱም በአማርኛ፣ «ይቺ ፈተና ላይ ትመጣለች» የምትለዋም በአማርኛ!

ይሄ ጥያቄ ለእኛም ለመምህራኑ ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ አማርኛ የምንሄደው ክፉ አስበን አይደለም፣ ይቀለናል። ግን የምንረዳው ብዙኃኑን ነው፣ የምናስቀረው አንተን ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በአማርኛ የተብራራ ነገር እዚያው በእንግሊዝኛ ይደገም። የፈተና ነገር ከሆነማ በጽሑፍ ይለጠፍ።

ዲፓርትመንቶች እዚህ ላይ የሚተባበሩበት ቀላል መንገድ አለ። የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ቲቶሪያል ይሰጣል፣ የአማርኛ ዲፓርትመንት ደግሞ መማር ለሚፈልግ የገበያና የታክሲ አማርኛ ያስተምራል። ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ሲኒየሮች ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፍሬሽማኖች ጋር ይዋሉ። የቡድን ሥራ ላይ «ራሳችሁ ተመዳደቡ» የሚባል ነገር ይቅር። ተመዳደቡ ሲባል ሁሉም ወደ አገሩ ልጅ ነው የሚሮጠው። መምህሩ ይመድብ።

ብርዱን ለጠየቃችሁኝ፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ለሚመጣ ልጅ ቀልድ አይደለም። ማን ከቆላ እንደሚመጣ ሬጅስትራር አስቀድሞ ያውቃል። ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያዙ ብሎ መልእክት መላክ ያቅታል?

ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነኝ። በቡድን ሥራ ሁሌ ሪፖርት ጸሐፊ እኔ ነኝ። መሣሪያ የሚነኩት ወንዶቹ ናቸው።

«እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው ነው አይደል የሚጀምሩት? የላብ መምህሩ ተራ ያውጣ። ዛሬ ሌቭሉን (የከፍታ መለኪያውን) የያዘ ነገ ይመዘግባል። ሁሉም በመሣሪያው ላይ ለየብቻው ይፈተን፤ ያኔ ማንም አይከለክልሽም። ትንኮሳ ያለበት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂጂ። ዲፓርትመንት ኃላፊዎችም ስሙኝ፦ ልጅቷ የነገረቻችሁን ያለ ፈቃዷ ለማንም አታሳልፉ፣ ለማስታረቅም አትሞክሩ።

አንድ ዓቢይ ኮሚቴ ብናቋቁምስ?

አይ! ኮሚቴ አይተናል። ይሰበሰባል፣ ውኃና አበል ይጠየቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ሰብሳቢው ለትምህርት ውጭ ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ በየዲፓርትመንቱ አንድ ተጠሪ፣ አንድ ገጽ ቅጽ። ቅጹ ላይ የሕመም ታሪክ አይጻፍ። «ምድር ላይ ያለ ክፍል ያስፈልገዋል፣ አንባቢ ያስፈልገዋል» ይበቃል። ተማሪው ሲፈቅድ ቅጹ ከሬጅስትራር ወደ ዲፓርትመንት፣ ዶርምና ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፤ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት።

ሕንፃው ሊፍት የለውም። በጀትም የለም።

የሕንፃ አዋጁ ለአካል ጉዳተኞች መዳረሻና መጸዳጃ እንዲኖር ያዛል፤ ለአዲስ ግንባታ እሱን ጥቀሱ። ለድሮው ሕንፃ ግን ተማሪውን ወደ ላይ ከምታወጡት ክፍሉን ወደ ታች አውርዱት። ፕሮግራም አውጪው አስቀድሞ ከሰማ ሁለት ክፍል ማለዋወጥ ነው። በጀት አይጠይቅም።

ከመሐል ሜዳ ነኝ። ልጄ በክራንች ነው የሚሄደው፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል። ምን ይዞ ይሂድ? (አንድ አባት)

እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! የሐኪም ማስረጃውን ዋናውንና ሦስት ኮፒ ይያዝ፤ አንዱን ለሬጅስትራር፣ አንዱን ለዶርም፣ አንዱን ለዲፓርትመንቱ። ሲመዘገብ «በኋላ እነግራቸዋለሁ» አይበል፤ ዶርም ከተደለደለ በኋላ ማስቀየር አበሳ ነው። ምድር ላይ ያለ ክፍል ይጠይቅ፣ መጸዳጃው ምን ያህል እንደሚርቅም ሄዶ ይይ። ለክራንቹም ትርፍ ጎማ ይግዙለት፤ ክረምት ላይ እርጥብ ሴራሚክ ያንሸራትታል።