«ስምሽ ብቻ ነው የሚፈለገው»

ጥያቄ፦ ለንደን ያለው የኮሚዩኒቲ ማኅበራችን ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ባለአደራ (ትረስቲ፣ ማለትም የቦርድ አባል) አድርጎ መረጠኝ። ማኅበሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን (ቻሪቲዎችን) በሚመዘግበውና በሚቆጣጠረው ቻሪቲ ኮሚሽን ዘንድ የተመዘገበ ነው። ሊቀመንበሩ «ሥራውን እኔና ገንዘብ ያዡ እንሠራዋለን፣ ስምሽ ብቻ ነው የሚፈለገው» አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ዕዳ ቢመጣ ቤታችንን ይወስዱታል» ይላል። የማንን ልመን?

መልስ፦ የሁለቱንም እንዳለ አይውሰዱት። የሊቀመንበሩ ግን ይብሳል። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ስሙን ብቻ የሚያውስ ባለአደራ የለም። ቦርዱ የሚወስነው በጋራ ነው፤ ተጠያቂነቱም የጋራ ነው። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይይዛል እንጂ ኃላፊነቱን ከሌሎቻችሁ ላይ አያነሳም። «ሒሳቡን አይቼው አላውቅም» ማለት መከላከያ አይደለም፤ እንዲያውም ጥፋቱን ማመን ነው።

የባለቤትዎ ስጋት የሚመለሰው በመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ማኅበሩ «ሲ.አይ.ኦ» (በሕግ የራሱ ሰውነት ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት) ወይም በዋስትና የተወሰነ ኩባንያ (የአባላቱ ዕዳ ቃል በገቡት መጠን ብቻ የሚወሰን) ከሆነ ውሉን የሚዋዋለው ራሱ ማኅበሩ ስለሆነ ዕዳውም በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። በሕግ የራሱ ሰውነት የሌለው፣ በስሙ ውል መዋዋል የማይችል ተራ ማኅበር ከሆነ ግን (ብዙ የቆዩ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት እንዲህ ናቸው) የአዳራሽ ኪራይ ውል ላይ የሚፈርሙት ባለአደራዎች በራሳቸው ስም ነው። ካዝናው ባዶ ሲሆን አከራዩ የሚፈልገው ፈራሚዎቹን ነው። ስለዚህ ይህን ሳያጣሩ ምንም ውል ላይ አይፈርሙ። በሁለቱም ዓይነት ግን ባለአደራው ከሥልጣኑ ውጭ ሄዶ ወይም ቸል ብሎ ገንዘብ ካጠፋ ከኪሱ እንዲተካ ሊጠየቅ ይችላል። በቅንነትና በጥንቃቄ ሠርቶ የተሳሳተን ሰው ፍርድ ቤት ወይም ኮሚሽኑ ከተጠያቂነት ነፃ ሊያደርገው ይችላል። ከቦርድ መልቀቅ ደግሞ ወደፊት ለሚመጣው እንጂ በእርስዎ ጊዜ ለተፈጸመው አያድንም።

ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት ደንቡን፣ የመጨረሻውን ዓመት ሒሳብ፣ የቅርብ ጊዜ ቃለ ጉባኤዎችንና የባንክ ስቴትመንቱን ይጠይቁ። ስቴትመንቱ ላይ ቀሪውን ብቻ አይዩ፤ ወጪዎቹን አንድ በአንድ ከደረሰኝ ጋር ያስተያዩ፣ ክፍያ የሚያጸድቁትም ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ያረጋግጡ። «አታምኑኝም ወይ?» የሚል ቅሬታ ቢነሳ አይደንግጡ፤ ቁጥጥሩ ገንዘብ ያዡንም ከሐሜት ያድነዋል። ከዚያ የኮሚሽኑን የኢንተርኔት መዝገብ ይክፈቱ። ሒሳብ ዘግይቶ ከሆነ እዚያው ለማንም ይታያል። ሲ.አይ.ኦ ከሆነ ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ፣ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በ10 ወር ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርትና ሒሳብ ማስገባት አለበት፤ ዓመቱ ማርች 31 ካለቀ ቀኑ ጃንዋሪ 31 ነው ማለት ነው።

የእኛ ማኅበራት በብዛት የሚሰናከሉት በተቀላቀለ ገንዘብ ነው። «ለተፈናቀሉ ወገኖች» ተብሎ 4,000 ፓውንድ ተሰበሰበ እንበል። የቢሮ ኪራይ ሲደርስ «እንተካዋለን» ተብሎ ከዚያ ከተወሰደ አደራ መጣስ ነው፤ ሰጪዎቹ የሰጡት ለኪራይ አይደለም። እድርም እንዲሁ ነው። መዋጮ ለሚከፍሉ አባላቱ ብቻ ለቀብር የሚከፍል እድር የሕዝብ ጥቅም ስለማይባል የቻሪቲ ሥራ አይደለም። የራሱ ደንብና የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው።

ወደ አገር ቤት የሚላከው በመንገደኛ ሻንጣ ከሆነ ለማን እንደደረሰ የሚያሳይ ማስረጃ አይኖርም። (10,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከብሪታንያ መውጣት ደግሞ ለጉምሩክ ካልተነገረ ሊያስወርስ ይችላል።) በባንክ ይላኩ፤ ተቀባዩን ድርጅት አስቀድመው ያጣሩ፤ ደረሰኝና የሥራ ሪፖርት ይቀበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ በሕግ ከሳሪ ተብሎ ገና ከዚያ ነፃ ያልወጣ፣ ከኩባንያ ዳይሬክተርነት የታገደ ወይም በማታለል ተፈርዶበት ቅጣቱ ገና ያልተሰረዘ ሰው ባለአደራ መሆን አይችልም። አዲስ ተመራጭ ሁሉ ይህ እንደማይመለከተው ፈርሞ ይግባ።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን ጸሐፊና ባለአደራ ነኝ። ቢሮውን ወንድሜ በ800 ፓውንድ ሊቀባልን ነው፤ ሌላ ሰው 1,100 ጠይቋል። ችግር አለው?

መልስ፦ ርካሽ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ወንድም በሕጉ ከእርስዎ ጋር የተሳሰረ ሰው ነው፤ ከክፍያው እርስዎም የሚጠቀሙበት መንገድ ካለ ደግሞ ሕጉ ለባለአደራ ክፍያ ያወጣቸው ሁኔታዎች ሁሉ መሟላት አለባቸው። መጀመሪያ ደንቡ እንዳይከለክል ይመልከቱ። ስብሰባው ላይ ዝምድናውን ራስዎ ይናገሩ፣ ውይይቱ ሲጀመር ይውጡ፣ ድምፅ አይስጡ፣ ከምልዓተ ጉባኤውም አይቆጠሩ። የሌሎቹ ዋጋ በጽሑፍ ይምጣ፤ ውሉም ቀለሙ ከመገዛቱ በፊት ይፈረም። ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ ይህን ያህል ቢል ይበቃል፦ «ጸሐፊው ቀቢው ወንድማቸው መሆኑን ተናግረው ወጡ። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ታየ። የቀሩት አራት ባለአደራዎች ዋጋው ዝቅተኛ፣ ሥራውም ተመሳሳይ መሆኑን አይተው በ800 ፓውንድ ተስማሙ። ጸሐፊው ተመለሱ።»