ማስኩ ስለገጠመ ብቻ አትመኑ፦ የራስና አንገት ጨረር ጥያቄና መልስ

ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ታማሚ ይዛችሁ ወደ መሀል ከተማ የምትመላለሱ ብዙ ናችሁ። የጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ጎረቤታችሁም ነኝ። ጨረሩ ከመለቀቁ በፊት ስለሚነሳው ምስል እዚሁ ግሩፓችን ላይ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ አባቴን ማስክ አድርገው አልጋው ላይ ይቆልፏቸዋል። ታዲያ ምስሉ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ማስኩ በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ነው፣ ፊት ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። የሚይዘው ቆዳውን ነው። አገጫቸው ትንሽ ቀና ካለ ወይም ትከሻቸው ከፍ ካለ፣ ማስኩ ተቆልፎም አንገታቸው ቦታውን ይስታል። አጠገቡ ደግሞ ሕብለ ሰረሰር አለ። ስለዚህ የዛሬውን ምስል ዕቅዱ ከተሠራበት ሲቲ ጋር እናስተያያለን። ማስኩ ከላላ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ የትኛው ምስል ይሻላል?

መልስ፦ ለምኑ? ለይታችሁ ጠይቁ እንጂ።

ጥያቄ፦ እሺ እህቴ፣ ከፊትና ከጎን የሚነሳው ራጅና ማሽኑ እየዞረ የሚያነሳው ሲቲ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። በራሱ በሕክምናው ጨረር የሚነሳው የፖርታል ምስል ደብዘዝ ይላል፤ አጥንትና ሥጋ በደንብ አይለዩበትም። በኪሎቮልት፣ ማለትም ከሕክምናው በጣም ባነሰ ኃይል የሚነሳው እንደ ተራ ራጅ ነው፣ አጥንቱ ጥርት ይላል። ማሽኑ እየዞረ የሚያነሳው ኮን ቢም ሲቲ ግን ሥጋውንም ያሳያል። ዕጢው ሲቀንስ፣ የምራቅ ዕጢ ሲሟሽሽ፣ በቆዳውና በማስኩ መካከል ክፍተት ሲፈጠር የምናየው በእሱ ነው።

ዋናው ነገር ግን ምስሎቹ የሚዛመዱት በየትኛው አጥንት ነው የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ያዛምዳል፤ ግን ምስሉ ላይ አስምረን በሰጠነው ሳጥን ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው። መንጋጋ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ውጤቱን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ መንጋጋ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ነው። የራስ ቅሉ ቁልጭ ብሎ ገጥሞ፣ ታች ያለው የአንገት አጥንት 5 ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ብዙ ቦታ የሚፈቀደው 3 አካባቢ ነው። አንገት ከታጠፈ አልጋ ማንሸራተት አይፈታውም፤ አንዱን ጫፍ ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ማስኩን ፈትቶ፣ ትራሱንና ትከሻውን አይቶ፣ ታካሚውን እንደገና ማስተኛት ነው። እኔ አጥንቶቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሳላይ አላልፍም።

አባል፦ በድሮው የኮባልት ጨረር ማሽን ጊዜ ይሄ ሁሉ የት ነበር? ሰው ድኖ ወጥቷል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ በኮባልት ታክሞ አፉ እስከዛሬ ደረቅ ነው። ያለ ውሃ እንጀራ አይውጥም።

አባል፦ ግን በሕይወት አለ፣ ተመስገን በል እንጂ!

መልስ፦ በቃ፣ ኮባልት ብዙ ሰው አድኗል። ያኔ ሰፊ ቦታ ነበር የሚመታው። ዛሬ ጨረሩ በዕጢው ቅርጽ ልክ ስለሚሰጥ ትንሽ ፈቀቅታ ዋጋ ያስከፍላል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ የምስሉ ጨረር አይጎዳም?

መልስ፦ የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ 70 ግሬይ በ35 የሕክምና ቀን ነው። የአንድ ኮን ቢም ሲቲ መጠን በሚሊግሬይ፣ ማለትም በግሬይ አንድ ሺኛ ነው የሚቆጠረው። ቦታ ስቶ መምታት ይበልጥ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ እኔን አይመለከትም፣ ሆስፒታሉን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማስክ ካለ ምስል ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የመጀመሪያው መልስ ላይ አለ። እባካችሁ ከላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ እህቴ ማስኩ ሲሠራ ሹሩባ ነበረች። አሁን ፈታችው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! ከጭንቅላቷ ሥር የነበረው ጉንጉን ከሌለ ጭንቅላቷ ዝቅ ይላል፣ አገጯም ይነሳል። ነገ ከመተኛቷ በፊት ትንገራቸው። ጢምም እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ካልጾምኩ ይላሉ።

አባል፦ ለታመመ ሰው እኮ የንስሐ አባት ይፈቅዳሉ።

ሌላ አባል፦ እሳቸው ራሳቸው ካልፈለጉስ?

መልስ፦ እሱን ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሱ። እኔ የማውቀው፣ ጉሮሮ ሲቆስል ሰው ሳይጾምም ይከሳል። ጉንጫቸው ሲጎድል ማስኩ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ያኔ አዲስ ሲቲ፣ አዲስ ማስክና አዲስ ዕቅድ ሊያስፈልግ ይችላል። ማስኩ ከላላ ተናገሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለማን ነው የሚናገሩት? ሐኪሙን የምናገኘው አልፎ አልፎ ነው።

መልስ፦ ሐኪሙን አትጠብቁ። ማስኩን ለሚቆልፈው ቴክኖሎጂስት፣ ከመቆለፉ በፊት ይንገሩ። መናገር ካቃታቸው በጣታቸው ጉንጫቸው ጋ የላላውን ያሳዩ።