መልስ፦ አንትሮፖሎጂ ለሲቪል ኢንጂነር ምን ያደርጋል?

«ሲቪል ልገባ ነው፤ ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ላይ አንትሮፖሎጂ ለምን እማራለሁ?» ላልከው፦ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂና አንትሮፖሎጂ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም የጋራ ኮርስ ሆነዋል። አንትሮፖሎጂ የሰውን ባህልና አኗኗር ቀርቦ ማጥናት ነውና፣ ጥቅሙ የሚገባህ መስክ ወጥተህ ሰው ስትጠይቅ ነው። ለገጠር ውሃ ቦኖ መጠይቅ አዘጋጀህ እንበል። «ውሃው ንጹሕና ቅርብ ነው?» ካልክ ሁለት ጥያቄ በአንድ አጣብቀሃል፤ «አዎ» ቢሉህ የትኛውን እንደሆነ አታውቅም። ለያይተህ «ደርሶ መልሱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ወረፋውስ?» በል። አባወራውን ብቻም አትጠይቅ፤ ጀሪካን ተሸክማ የምትመላለሰው እናት ወይም ልጅ ናት። እሷ ሳትጠየቅ የተተከለ ቦኖ ቦታውን ስቶ ጾሙን ሊያድር ይችላል። መጠይቁን አስቀድመህ ከ10 እስከ 15 ሰው ላይ ሞክረው።