አስቴር ከጾሙ በኋላ ድግሱ ለምን አስፈለጋት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አስቴር ሦስት ቀን ጾማ ስታበቃ ለምን የንግሥት ልብስ ለበሰች? ግብዣስ ለምን ደገሰች? ጸሎቷ አይበቃም ነበር? መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሰው ሲበደል አያለሁ። አለቃዬን ላናግር ስል «አንቺ ዝም ብለሽ ጸልዪ» ይሉኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ጸሎቱማ ባይኖር ከደጁም አትደርስም ነበር። ግን እስቲ ሐማ የተባለው ሹም ወገኖቿን አይሁድን እንዳያስፈጅ ንጉሡን ልትለምን የገባችበትን ቤት እንየው።

በፋርስ የሱሳ ቤተ መንግሥት እንደ ልብ አይገባበትም። ሳይጠራ የገባ ሰው፣ ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ካልዘረጋለት አለቀለት። አስቴር ሚስቱ ሆና እንኳ 30 ቀን ሙሉ አልተጠራችም። ከእሷ በፊት የነበረችው ንግሥት አስጢን ተጠርታ በመቅረቷ ዘውዷን አጥታለች። አስቴር ደግሞ ሳትጠራ ልትገባ ነው።

እንዲያም ሆኖ በዚያ ቤት ሴቶቹ እንደ ዋዛ የሚታዩ አልነበሩም። ብዙ ሊቃውንት የአስቴር ንጉሥ ከ486 እስከ 465 ከክርስቶስ ልደት በፊት የገዛው ዜርክሲስ ነው ይላሉ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እናቱን አቶሳን ሥልጣኑ ሁሉ በእጇ እንደነበር ጽፎላታል። አባቱ ዳርዮስም ለሌላዋ ሚስቱ ለአርቲስቶኔ 100 በግ እንዲሰጣት አዟል፤ ትእዛዙ የሰፈረበት የሸክላ ጽሑፍ በፋርሷ ከተማ በፐርሴፖሊስ ተገኝቷል። መቼም 100 በግ ለአንድ ሴት ምሳ አይሆንም፣ ድግስ ነው! እነዚህ ሴቶች የራሳቸው መሬትና ሠራተኛ ነበራቸው። አስጢንም ብትሆን ለሴቶቹ ለብቻዋ ግብዣ አድርጋ ነበር።

ስለዚህ አስቴር ጉዳዩን በሹማምንት ፊት አላነሳችውም። ወደ ራሷ ማዕድ ወሰደችው። በመጀመሪያው ቀን እንኳ አልተናገረችም፤ ንጉሡንና ሐማን «ነገም ኑልኝ» ብላ ነገሩን አሳደረችው።

ልብሱን ወዳው እንዳይመስልሽ። በሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ባለው ጸሎቷ በራሷ ላይ ያለውን ዘውድ እንደምትጸየፈው ለእግዚአብሔር ትነግረዋለች። ስትገባም በአንዲት አገልጋይ ላይ ተደግፋ ነው፤ ሌላዋ የልብሷን ዘርፍ ይዛላታለች። የንጉሡን ፊት ስታይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እግዚአብሔር ልቡን አራራው፤ ከዙፋኑ ዘሎ ወርዶ አቀፋት።

አንቺም መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ጸሎት ይያዙልሽ። የተበደሉትን ሰዎች ጉዳይ በደንብ አጥርተሽ በወረቀት ያዢ። ከዚያ ከአለቃሽ ጋር ቀጠሮ ያዢ፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን አይሁን።